የባለቅኔው ቤትና የንባቡ አዳራሽ

በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ ማዶ፣ ከቻርልስ ወንዝ ባሻገር ኬምብሪጅ የምትባል ከተማ አለች። ታላቁ የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚህች ከተማ ስለ ሆነ፣ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን ከሀርቫርድ አደባባይ ተነሥቶ ብራትል በሚባለው መንገድ ወደ ምዕራብ ዐሥር ደቂቃ ያህል በእግሩ ቢሄድ፣ በቁጥር 105 ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ ሰፊ የእንጨት ቤት ያገኛል። ይህ ቤት በየዘመኑ የአንድ ጦር አዛዥ መምሪያ፣ የአንድ ባለቅኔ መኖሪያ፣ ደግሞም የትልቅ ሐዘን ቤት የነበረ ነው። ስለዚህ ቤትና ታሪኩ ከእርሱ ጋራ ስለ ተያያዘ አንድ የቦስተን አዳራሽ ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት፣ የትዳር ጓደኛውን በሞት ያጣ ሰው እንደ ምን ባለ መንገድ ወደ ሰው መካከል ሊመለስ እንደሚችል የሚያስተምር ነገር ስላለበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቤቱ የተሠራው በ1759 ዓ.ም. ጆን ቫሳል ለተባለ ባለጸጋ ሲሆን፣ የቫሳል ቤተ ሰብ ሀብት የተገኘው ባሮች ይደክሙበት ከነበረው ከጃማይካ የሸንኮራ እርሻ ነበር። የአሜሪካ ሰዎች በእንግሊዝ መንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ ባለጸጋው ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተንም ከ1775 ዓ.ም. ጁላይ ወር እስከ 1776 ዓ.ም. አፕሪል ወር ድረስ የጦሩ መምሪያ አደረገው። ከብዙ ዘመን በኋላ ቤቱ ክሬጊ በምትባል መበለት እጅ ሳለ፣ በ1837 ዓ.ም. አንድ ወጣት የሀርቫርድ መምህር መጥቶ ክፍል ተከራየ። ይህም ሰው ኋላ የአሜሪካ ሕዝብ ከባለቅኔዎቹ ሁሉ አብልጦ የወደደው ሄንሪ ሎንግፌሎ ነው። ወደዚያ ቤት ሲገባ ዕድሜው 30 ዓመት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ሐዘን አስቀድሞ አግኝቶታል። በ1831 ዓ.ም. ያገባት የመጀመሪያ ሚስቱ ሜሪ፣ ለትምህርት በአውሮፓ ሲዘዋወሩ በ1835 ዓ.ም. ሮተርዳም በተባለችው የሆላንድ ከተማ ሞታበት ነበርና።

በሚቀጥለው ዓመት በስዊስ አገር ፋኒ አፕልተን የምትባል፣ የአንድ የቦስተን የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካ ልጅ የሆነች፣ ብዙ መጽሐፍ ያነበበችና አስተዋይ የሆነች ወጣት አወቀ። ሎንግፌሎ ወዲያው ወደዳት፤ እርስዋ ግን በቶሎ እሺ አላለችውም። ሰባት ዓመት ታገሠ። ልቧን እስኪያገኝም ድረስ ከኬምብሪጅ ተነሥቶ የወንዙን ድልድይ እያቋረጠ በእግሩ ወደ አባትዋ ቤት ይመላለስ ነበር። በ1843 ዓ.ም. ጁላይ 13 ቀን ተጋቡ፤ አባትዋም ያን በኪራይ የሚኖርበትን ቤት ገዝቶ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጣቸው። በዚያም ቤት ስድስት ልጆች ወለዱ፤ አንዲቱ በሕፃንነትዋ ሞተች። ፋኒ በ1847 ዓ.ም. ኤተር የሚባለውን ማደንዘዣ ተቀብላ ስትወልድ፣ በአሜሪካ በዚህ ዓይነት የወለደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ሎንግፌሎ በልቡ ከሚያከብራቸው ደራሲዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ ነበር። ዲከንስ በ1842 ዓ.ም. ገና የ30 ዓመት ያህል ጐልማሳ ሳለ ወደ አሜሪካ በመጀመሪያ ጊዜ በመጣ ጊዜ ሁለቱ በቦስተን ተዋወቁ፤ ወደዚሁ ቤትም መጥቶ ከሎንግፌሎ ጋራ ቁርስ በላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሎንግፌሎ ወደ ለንደን ሄዶ በዲከንስ ቤት በእንግድነት ተቀመጠ። ከዚያም ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሆኖ ባርነትን የሚቃወሙትን ግጥሞቹን ጻፈ። እንዲህ ሆኖ የአንባቢና የደራሲ ፍቅር ወደ ወዳጅነት ተለወጠ። ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱ ተለያይተው ብዙ ዓመት ቈዩ፤ ውቅያኖስ በመካከላቸው ነበረና።

በቤቱ ውስጥ ወደ ፊት በኩል የባለቅኔው የጽሕፈት ክፍል አለ፤ ከእርሱ በስተኋላም ሰፊው የመጻሕፍት ክፍል ይገኛል። በ1861 ዓ.ም. ጁላይ 9 ቀን ፋኒ በመጻሕፍቱ ክፍል ተቀምጣ ከልጆችዋ ጸጉር የተቈረጠውን ለመታሰቢያ በወረቀት ጠቅልላ በማኅተም ሰም ታሽግ ነበር። ድንገት እሳት የለበሰችውን የሙቀት ወራት ስስ ቀሚስ ያዘው። በነበልባል ውስጥ ሆና ባልዋ ወዳለበት ክፍል ሮጠች። እርሱም ምንጣፍ አንሥቶ እሳቱን ለማፈን፣ ባይሆንለትም በገዛ ገላው አቅፎ ለማጥፋት ታገለ፤ እጆቹና ፊቱም ተቃጠሉ። ወደ ላይኛው ቤት ወስደው አስተኝተዋት፣ በወሊድ ጊዜ ጭንቋን ያቀለለላት ያው ኤተር በዚያች ሌሊት ደግሞ ለሥቃይዋ ተሰጣት። በማግሥቱ ዐረፈች።

የተቀበረችውም ጁላይ 13 ቀን ነው፤ ይኸውም ከ18 ዓመት በፊት የተጋቡበት ዕለት ነበር። ባልዋ ከቍስሉ የተነሣ ከአልጋ መነሣት ስላልቻለ ቀብሯ ላይ ሊቆም አልቻለም። ዛሬ በሥዕሎቹ ሁሉ የምናየው ያ ረጅም ነጭ ጢሙ እንኳ ለጌጥ የተተወ አይደለም፤ የተቃጠለው ፊቱ መላጨትን ስላልቻለ ያሳደገው ነው። አንባቢ ሆይ፣ የአንድን ሰው ሐዘን በፊቱ ላይ ተጽፎ ማየት ማለት ይህ ነው።

ሎንግፌሎ ስለ ሌላው ሰው ኀዘን ብዙ ግጥም የጻፈ ሲሆን፣ ስለዚህ ስለ ራሱ ሐዘን ግን ምንም ሊጽፍ አልተቻለውም። የራሱ ቃል በጠፋበት ጊዜ ግን የሌላውን ቃል ያዘ፤ የኢጣልያውን ባለቅኔ የዳንቴን ታላቅ ድርሰት ወደ እንግሊዝኛ መተርጐም ዋና ሥራው አደረገ። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ወዳጆቹ ጄምስ ራስል ሎውልና ቻርልስ ኤልየት ኖርተን ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ይመጡ ነበር። እርሱ የተረጐመውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል፤ እነርሱም የኢጣልያንኛውን መጽሐፍ ይዘው እያስተያዩ ያርሙታል፤ ከዚያም አብረው እራት ይበላሉ። ትርጕሙ በሦስት መጻሕፍት ሆኖ በ1867 ዓ.ም. ታተመ። እነዚህ ወዳጆች ጥበበኞች እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል። ሐዘንተኛውን በምክር ብዛት አላደከሙትም፤ በሳምንት አንድ ማታ የሚጠብቀው ነገር እንዲኖረው አደረጉ እንጂ።

የዳንቴ ትርጕም በታተመበት በዚያው ዓመት ዲከንስ ሁለተኛ ወደ አሜሪካ መጣ። ይህን ታሪክ ለመከተል የሚወድ መንገደኛ ወደ ሀርቫርድ አደባባይ ተመልሶ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር መሳፈር ይገባዋል። ባቡሩ ብዙም ሳይቈይ ከምድር ወጥቶ በ1906 ዓ.ም. በተከፈተው የድንጋይና የብረት ድልድይ ላይ የቻርልስን ወንዝ ይሻገራል። ሎንግፌሎ ለፍቅሩ ሲል በእግሩ ይመላለስበት የነበረው የእንጨት ድልድይ የቆመው በዚሁ ስፍራ ሲሆን፣ አዲሱም ድልድይ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በባለቅኔው ስም ይጠራል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ በፓርክ ስትሪት ጣቢያ ወርደው ትሬሞንት በሚባለው ጐዳና ጥቂት ሲሄዱ ሁለት ስፍራዎች ጐን ለጐን ይገኛሉ። አንደኛው በ1855 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርከር ሀውስ የሚባለው ሆቴል ሲሆን፣ ሁለተኛው ትሬሞንት ቴምፕል የሚባለው የባፕቲስቶች ቤተ ጸሎት ነው። ዲከንስ ያደረው በሆቴሉ ነው፤ ያነበበውም በቤተ ጸሎቱ አዳራሽ ነው። ሁለቱም ሕንጻዎች ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ ስለ ተሠሩ ዛሬ የሚታዩት የያኔዎቹ ግድግዳዎች አይደሉም፤ ስፍራቸው ግን ያው ነው።

በዚያ ዘመን ደራሲ በሕዝብ ፊት ቆሞ የራሱን መጽሐፍ ማንበቡ ትልቅ ነገር ነበር። የመግቢያው ዋጋ 2 ዶላር ሲሆን፣ ቲኬቱ መሸጥ በጀመረበት ቀን በቦስተን ጐዳና ላይ የተሰለፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ዲከንስ ኖቬምበር 19 ቀን 1867 ዓ.ም. ከመርከብ ወረደ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን፣ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን ብለው በሚያከብሩት በዓል፣ ወደ ኬምብሪጅ ሄዶ በሎንግፌሎ ቤት እራት በላ። ከ25 ዓመት በፊት ቁርስ በበላበት ቤት ገበታ ተቀመጠ ማለት ነው። ያኔ ጐልማሳ የነበረው ሎንግፌሎ አሁን ጸጉሩም ጢሙም የነጣ የ60 ዓመት ሰው ሆኗል። ዲከንስ በኋላ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ገለጸው፣ ከወዳጁ ጋራ በገበታ ላይ ሳለ ያ የእሳት ነገር ከዓይኑ ሊጠፋለት አልቻለም። ወደ ሐዘን ቤት የገባ እንግዳ የሟቹን መልክ በየማዕዘኑ እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው ይህን ያስተውለዋል።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 2 ቀን ማታ፣ ትሬሞንት ቴምፕል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። ሎንግፌሎም ከቤቱ ወጥቶ መጥቶ ነበር፤ ኤመርሰን፣ ሎውልና ሌሎችም የዚያች አገር ዕውቅ ጸሐፊዎች በሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ነበር። በመድረኩ ላይ አንዲት ትንሽ የማንበቢያ ጠረጴዛ ብቻ ነበረች፤ ብርሃኑ በደራሲው ፊት ላይ እንዲወድቅ የጋዝ መብራት ተዘጋጅቶላታል። ዲከንስ መጽሐፉን ያስቀመጠው ለወጉ ያህል ነው፤ አብዛኛውን በቃሉ ያውቀዋልና። በድርሰቱ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ድምፅ፣ የተለየ የፊት ገጽታና የእጅ ምልክት ነበረው። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሳለ ሕዝቡ ብዙ ሰዎች ያየ ይመስለው ነበር።

ያነበበውም ስለ ገና በዓል የደረሰውን ታሪክና፣ አስቂኝ የሆነ የፍርድ ቤት ታሪክ ነበር። የገናው ታሪክ ስክሩጅ የተባለ ቈንቋና ሽማግሌ በአንዲት ሌሊት ልቡ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚናገር ነው። በመካከሉ አንድ ድኻ አባት ትንሽና አካሉ የደከመ ልጁን እንደ ቀበረ ተደርጎ የሚታይበት ክፍል አለ። አባትየው ወደ ቤቱ ገብቶ ሚስቱንና የቀሩትን ልጆች እንዳያሳዝን ሐዘኑን ሊሸሽግ ይሞክራል፤ አልሆንለት ይላል። ይህ ድርሰት የታተመው በ1843 ዓ.ም. ዲሴምበር ነው፤ ይኸውም ሎንግፌሎና ፋኒ የተጋቡበት ዓመት መሆኑ ነው። የትዳራቸው እኩያ የሆነው መጽሐፍ ፋኒ ከሞተች ከ6 ዓመት በኋላ በደራሲው በራሱ አንደበት ሲነበብ፣ ባልዋ በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሰማ።

በዚያ አዳራሽ ሐዘንተኛው እርሱ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። ከማሳቹሴትስ ብዙ ወጣቶች ዘምተው አልተመለሱም፤ የሎንግፌሎም የበኵር ልጅ በ1863 ዓ.ም. በጦርነቱ በጽኑ ቈስሎ ለጥቂት ተርፏል። በዚያ ማታ ጐን ለጐን ከተቀመጡት መካከል ልጅ ወይም ወንድም ወይም ባል የቀበሩ እንደሚኖሩ መገመት ይቻላል። ከነዚህ ሰዎች ማንም ማንንም ስለ ሐዘኑ አልጠየቀም። አንድ ድምፅ ግን ሁሉን በአንድነት አሳቀ፤ ሁሉን በአንድነት አስለቀሰ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ማስታወስ ይገባል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ስለ ሐዘኑ የሚናገረውን ቃል ይፈልግ ዘንድ አይገደድም። አልቃሽዋ ቆማ ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟቹን ሙያና ደግነት እየጠራች በግጥም ትናገራለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ ሐዘንተኛውም በሌላ ሰው ቃል የራሱን ሐዘን ያለቅሳል። ከዚያም ሠልስት፣ አርባና ሙት ዓመት እየተባለ ሰው በየጊዜው ወደ እርሱ ይሰበሰባል። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ልቅሶ ቤት የተናገረውን ቃል አባቶቻችን በሥራ ጠብቀውታል። የቦስተን ታላላቅ ቤተ ሰቦች ግን ጥቁር ለብሰው በዝምታ ማዘንን እንደ ጨዋነት ይቈጥሩ ስለ ነበር፣ ሐዘንተኛው ከቀብር በኋላ ከራሱ ጋራ ብቻውን ይቀር ነበር። በትሬሞንት ቴምፕል የሆነውን ስናስተውል፣ ያ የንባብ ማታ ልማዱ ያልሰጣቸውን ነገር እንደ ሰጣቸው እናያለን። ደራሲው በመድረክ ላይ ቆሞ ቃሉን ሰጠ፤ ሐዘንተኛውም ከማያውቀው ሰው ጐን ተቀምጦ፣ ማንም ለምን ታለቅሳለህ ሳይለው ማልቀስ፣ ማንም እንዴት ትሥቃለህ ሳይለው መሣቅ ተቻለው።

ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ያላነሰ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ወይም ባልዋ የሞተባት ሰው መጀመሪያ ሲሥቅ የከዳ ይመስለዋል። ብቻውን ሊያደርገው የማይደፍረውን ሣቅ ግን ከሕዝብ ጋራ ሲያደርገው ነውር አይሆንበትም። ዲከንስ ከሚያስለቅሰው ታሪክ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሥቅ ማንበቡ የሥራው ጥበብ ነበረ፤ ለሐዘንተኛ ግን ከጥበብም በላይ ምሕረት ነው።

ደራሲውም ቢሆን ያን ቃል የሰጠው በድካም ነው። በዚያ ክረምት ጽኑ ጕንፋን ይዞት አልለቀቀውም፤ ወደ መጨረሻውም እግሩ ያነክስ ነበር። ሆኖም 76 ጊዜ ያህል በሕዝብ ፊት አንብቦ በ1868 ዓ.ም. አፕሪል ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሎንግፌሎ ሴቶች ልጆቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ተጓዘ፤ ዲከንስም በኬንት አገር ባለው ቤቱ በክብር ተቀበላቸው። ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም. ጁን 9 ቀን ዲከንስ ሞተ። ሎንግፌሎ ለደራሲው ወዳጅ ለጆን ፎርስተር በጻፈው ደብዳቤ፣ ይህን ያህል አገርን ሁሉ ያሳዘነ የደራሲ ሞት አላየሁም አለ።

ነገር ግን ያ የንባብ ማታ ሐዘኑን አስረሳው ብንል ሐሰት ይሆንብናል። በ1879 ዓ.ም.፣ ፋኒ ከሞተች ልክ በ18ኛው ዓመት፣ ሎንግፌሎ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ በረዶ በገደሉ ስንጥቅ ገብቶ የመስቀል ቅርጽ የሠራበትን ስፍራ ሥዕል አይቶ አንድ አጭር ግጥም ጻፈ፤ ስሙንም የበረዶ መስቀል አለው። በፀሐይ የማይቀልጠውን ያን በረዶ በልቡ ተሸክሞት ከሚኖረው ሐዘን ጋራ አስተያየው። ለማንም ሳያሳይ ከወረቀቶቹ መካከል ሸሸገው፤ የተገኘውም በ1882 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ 18 ዓመት ሙሉ ሐዘኑ አብሮት ኖሯል፤ እርሱም ከሐዘኑ ጋራ ልጆቹን አሳድጓል፣ ወዳጆቹን በገበታው ተቀብሏል፣ መጻሕፍቱን ጽፏል። ሐዘንን ድል መንሣት ማለት መርሳት አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

የባለቅኔው ዘሮች ቤቱን ከነዕቃው ጠብቀው አቈይተው በ1972 ዓ.ም. ለአሜሪካ መንግሥት የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሰጥተውታል። በጽሕፈት ክፍሉ ውስጥ የኬምብሪጅ ሕፃናት በ72ኛ ልደቱ፣ ግጥም ከጻፈለት ዛፍ እንጨት አሠርተው የሰጡት ወንበር ይታያል። ከዚያ በብራትል መንገድ ወደ ምዕራብ ቢቀጥሉ በ1831 ዓ.ም. የተመሠረተውን የማውንት ኦበርን መካነ መቃብር ያገኛሉ። ሥፍራው ኰረብታና ኵሬ ያለበት በዛፍ የተሞላ ነው። ሎንግፌሎና ፋኒ በዚያ በአንድነት ዐርፈዋል። በቦስተንና በኬምብሪጅ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለ ሆኑ፣ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ለመሄድ የሚመቻቸው አይጠፉም።

ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ከዚህ ታሪክ የሚቀር ምክር እንዲህ ነው። ከዘመዶቻችሁ ወይም ከባልንጀሮቻችሁ መካከል የትዳር ጓደኛው የሞተበት ቢኖር፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አትተዉት። እንዲናገር አታስገድዱት፤ በቃህ አታልቅስ እያላችሁም አታስጨንቁት። በሳምንት አንድ ቀን የሚጠብቀው ነገር ስጡት። መጽሐፍ የሚወድ ከሆነ ወደሚነበብበት፣ ግጥም የሚወድ ከሆነ ወደሚሰማበት አዳራሽ ይዛችሁት ሂዱ፤ የሚወደው ደራሲ በሕዝብ ፊት የሚያነብ ሲሆንም ወንበር አስቀድማችሁ ያዙለት። ከጐኑ ተቀመጡ፤ ቃሉን ሌላው ይናገርለት። ወደ ቤት ስትመለሱም ስለ ሰማው ነገር ሊያወራ ቢጀምር አዳምጡት፤ ዝም ቢልም ዝምታውን አክብሩለት።